የአመዱ ሠንጠረዥ የማይናገረው፦ የድንጋይ ከሰል ሸክላ በኃይል ማመንጫ እቶን ውስጥ

ስለ ድንጋይ ከሰል ጥራት የሚጻፉ በርካታ የምርምር ሥራዎች የማዕድን ክፍላቸውን በአንድ ሠንጠረዥ ይዘጋሉ። በሠንጠረዡ ውስጥ የሲሊካ፣ የአሉሚና፣ የብረት፣ የካልሲየም፣ የማግኒዚየም፣ የፖታሲየምና የሶዲየም ኦክሳይዶች በመቶኛ ተዘርዝረው ይቀመጣሉ፤ ድምራቸውም ወደ መቶ ይጠጋል። ድምሩ ከሞላ ዘንድ ስለ አመዱ መታወቅ ያለበት ሁሉ የታወቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ የሚናገረው በቤተ ሙከራ እቶን ውስጥ በዝግታ ተቃጥሎ ስለ ቀረ ዱቄት ነው። ከሰሉ ከመቃጠሉ በፊት አሉሚናውና ፖታሲየሙ በየትኛው ማዕድን ውስጥ ታስረው እንደ ነበር፣ በኃይል ማመንጫው እቶን ካለፉ በኋላም ወደ ምን እንደ ተለወጡ አይናገርም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። የኃይል ማመንጫ አመድ ጠባይ በአመዛኙ የሚወሰነው በከሰሉ ውስጥ በነበሩት የሸክላ ማዕድናት ዓይነትና እነዚህ ማዕድናት በእሳቱ ውስጥ ባለፉበት ለውጥ ነው። ስለዚህ የኦክሳይድ ትንታኔ ለአመድ ጥናት መነሻ እንጂ መድረሻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ጉዳዩ የአቀራረብ ልማድ ክርክር ብቻ አይደለም። የቦይለር ቧንቧዎች በቀለጠ አመድ መሸፈንና አለመሸፈን፣ የተከማቸው አመድ ለሲሚንቶ የሚውል ሀብት ወይም በሜዳ የሚጣል ቆሻሻ መሆን፣ ከዚያም አልፎ ለአንድ ከሰል የሚከፈለው ዋጋ በዚሁ ላይ ይመሠረታል።

ሸክላው በከሰሉ ውስጥ

የድንጋይ ከሰል ንጹሕ ካርቦን አይደለም። ዕፅዋቱ በረግረግ ውስጥ በተከማቹበት ዘመን ወንዝ ያመጣው ደለል፣ ነፋስ የበተነው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከውኃው ተለይቶ የዘቀጠው ማዕድንም አብሮ ተቀብሯል። በአብዛኞቹ ከሰሎች ውስጥ ከዚህ ኢ-ኦርጋኒክ ክፍል ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት የሸክላ ማዕድናት ናቸው። ኳርትዝ፣ ፓይራይት፣ ካልሳይት፣ ዶሎማይትና ሲዴራይት በተለያየ መጠን ይከተላሉ።

ሸክላ የሚለው የወል ስም ግን ጠባያቸው እጅግ የተለያዩ ማዕድናትን በአንድ ጥላ ሥር ይሰበስባል። ካኦሊናይት ከአንድ የሲሊካ ንጣፍና ከአንድ የአሉሚና ንጣፍ የተሠራ ነው፤ በንጣፎቹ መካከል ፖታሲየም ወይም ሶዲየም የለውም፤ ከክብደቱ 14 በመቶ የሚሆነው በሃይድሮክሲል መልክ የታሰረ ውኃ ነው። ኢላይት በሁለት የሲሊካ ንጣፎች መካከል የተያዘ የአሉሚና ንጣፍ ያለው ሲሆን፣ እነዚህን ድርብርቦች እርስ በርስ አጣብቆ የሚይዛቸው ፖታሲየም ነው። ስሜክታይት ከኢላይት ጋር ተቀራራቢ መዋቅር ቢኖረውም በድርብርቦቹ መካከል የሚይዘው ሶዲየም፣ ካልሲየምና በቀላሉ የሚገባና የሚወጣ ውኃ ነው። ኢላይትና ስሜክታይት በአንድ ቅንጣት ውስጥ እየተፈራረቁ የሚደራረቡበት ሁኔታም የተለመደ ነው።

ከሰሎች በዚህ ረገድ ይለያያሉ። በደቡብ አፍሪካው የሃይቬልድ ከሰል ውስጥ ካኦሊናይትና ኳርትዝ ያይላሉ። ከካርቦኒፈረስ ዘመን በተገኙ ብዙ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ከሰሎች ውስጥ ደግሞ ኢላይት ጉልህ ስፍራ አለው። በቻይና ኢነር ሞንጎሊያ በሚገኘው የጁንጋር ከሰል መስክ ካኦሊናይት ቦህማይት ከተባለ የአሉሚኒየም ማዕድን ጋር በብዛት ስለሚገኝ፣ ከዚያ የሚወጣው በራሪ አመድ የአሉሚና ምንጭ ሆኖ እስከ መጠናት ደርሷል። እነዚህ ከሰሎች ወደ እቶን ሲገቡ የሚገጥማቸው እሳት ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ የሚወጣው አመድ ግን ተመሳሳይ አይሆንም።

ጥቂት ሰከንዶች በነበልባል ውስጥ

በዘመናዊ የኃይል ማመንጫ ከሰሉ በቅድሚያ ይፈጫል። በተለመደው አሠራር ከዱቄቱ 70 በመቶ ያህሉ ከ75 ማይክሮሜትር ያነሰ ይሆናል። ዱቄቱ ከአየር ጋር ወደ እቶኑ ሲነፋ በሰከንድ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዲግሪ ፍጥነት ይሞቃል፤ ከ1400 እስከ 1600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ነበልባል ውስጥ ያልፋል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላም ወደ ቀዝቃዛው የጋዝ መውጫ ይደርሳል። ካርቦኑ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ይነዳል። ሸክላው ደግሞ በመልክዓ ምድር ታሪክ ረጅም ዘመን የሚጠይቀውን ለውጥ በዚያችው ቅጽበት ለመፈጸም ይገደዳል፤ ብዙውን ጊዜም ሳይጨርሰው ይቀዘቅዛል።

የካኦሊናይት ጉዞ ከሁሉ ይልቅ የተጠና ነው። በዝግታ ሲሞቅ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው እርከን ሃይድሮክሲሉ በውኃ ተን መልክ ይወጣል፤ ንጣፎቹ ቅርጻቸውን በከፊል ቢጠብቁም የክሪስታል ሥርዓታቸው ይፈርሳል፤ ሜታካኦሊን የተባለው ሥርዓተ ቢስ ነገርም ይፈጠራል። ወደ 980 ዲግሪ ሲቃረብ ሙቀት በሚያመነጭ ድንገተኛ ለውጥ አሉሚናና ሲሊካ መለያየት ይጀምራሉ፤ ስፒኔል መሰል ውሑድና የመጀመሪያዎቹ የሙላይት ቅንጣቶች ይታያሉ። ከ1200 ዲግሪ በላይ ሙላይቱ እያደገ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ይሆናል፤ የተረፈው ሲሊካም እንደ ሁኔታው በብርጭቆ መልክ ይቀራል ወይም ወደ ክሪስቶባላይት ይለወጣል።

ይህ ለውጥ በቁጥር ሲገለጽ ትርጉሙ ይጎላል። ከ100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካኦሊናይት ለውጡ እስከ መጨረሻው ቢሄድ 14 ኪሎ ግራም ውኃ በተን ይጠፋል፤ 55 ኪሎ ግራም ሙላይት ይገኛል፤ 31 ኪሎ ግራም ሲሊካ ይተርፋል። በነበልባሉ ውስጥ ግን ለውጡ እስከ መጨረሻው ለመሄድ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከኃይል ማመንጫ የሚወጣ አመድ ውስጥ ያለው ሙላይት ከዚህ ስሌት በታች ይሆናል፤ ቀሪው አሉሚና በብርጭቆው ውስጥ ይቀራል። ሠንጠረዡ «አሉሚና» ብሎ በአንድ ቁጥር የሚያስቀምጠው ነገር በእውነቱ በሁለት ፍጹም የተለያዩ ቤቶች የሚኖር ነው።

ኢላይት ሌላ መንገድ ይከተላል። ሃይድሮክሲሉን ካጣ በኋላ በውስጡ የያዘው ፖታሲየም ማቅለጫ ይሆንበታል። በፖታሲየም፣ በአሉሚናና በሲሊካ ሥርዓት ውስጥ ዝቅተኛው የመቅለጫ ነጥብ 985 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ ኢላይት ካኦሊናይት ገና ጠጣር በሆነበት ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። በነበልባሉ ውስጥ ቅንጣቱ ጠብታ ይሆናል፤ የገጽታ ውጥረት ያድቦለቡለዋል፤ ሲቀዘቅዝም የብርጭቆ ሉል ሆኖ ይቀራል። በጠብታው ውስጥ ጋዝ ከታሰረ ሉሉ እንደ ፊኛ ይነፋና ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቅንጣት ይወጣል። በአመድ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ላይ እንደ አረፋ ተንሳፍፈው የሚታዩትና ለቀላል የግንባታ ውጤቶች የሚለቀሙት ቅንጣቶች እነዚህ ናቸው። ስሜክታይትም በበኩሉ በመጀመሪያ በድርብርቦቹ መካከል ያለውን ውኃ፣ ቀጥሎ ሃይድሮክሲሉን ያጣል፤ ሶዲየሙና ካልሲየሙም ወደ መቅለጥ ያፋጥኑታል።

የእቶኑ ዓይነት ሲለወጥ ታሪኩም ይለወጣል። ከሰሉ በአየር በሚንሳፈፍ አሸዋ ውስጥ በሚነድበት የፍሉዳይዝድ ቤድ እቶን ሙቀቱ ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ክልል ይያዛል። በዚያ ሙቀት ካኦሊናይት ወደ ሜታካኦሊን ይለወጣል፤ ወደ ሙላይትም ሆነ ወደ ቀለጠ ብርጭቆ ግን አይደርስም። የሚወጣው አመድ ሉላዊ ሳይሆን ቅርጸ ቢስና ሸካራ ነው። አንድ ዓይነት ከሰል በሁለቱ እቶኖች ቢነድና ለሰልፈር መያዣ የሚጨመረው የኖራ ድንጋይ ከሒሳቡ ቢወጣ የኦክሳይድ ሠንጠረዦቹ ተቀራራቢ ይሆናሉ፤ አመዶቹ ግን በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ዝምድና ያላቸው እንኳ አይመስሉም።

ጉርብትና ዕጣ ሲወስን

የሸክላው ዓይነት ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ከሰሉ ሲፈጭ አንዳንዱ የማዕድን ቅንጣት ከካርቦኑ ተለይቶ ለብቻው ይወጣል፤ ሌላው በከሰሉ ቅንጣት ውስጥ እንደ ተቀበረ ይቀራል። ለብቻው የወጣው ቅንጣት በነበልባሉ ውስጥ ብቸኛ መንገደኛ ነው፤ የራሱን ለውጥ ይለወጣል እንጂ ከሌላው ጋር ብዙ አይቀላቀልም። በከሰሉ ውስጥ የተቀበረው ግን ካርቦኑ እየነደደ ሲያልቅ ከጎረቤቶቹ ጋር እየተቀራረበ ይሄዳል፤ የነዳጁ ቅንጣት የሚነድበት ሙቀትም በዙሪያው ካለው ጋዝ ይበልጣል።

በዚህ ቅርርብ ውስጥ የሚሆነው ነገር ከባድ ውጤት አለው። ካኦሊናይት ከፓይራይት አጠገብ ከሆነ፣ ኦክስጅን ባነሰበት ከባቢ የብረቱ ኦክሳይድ ዝቅተኛ ቫለንስ እንደያዘ ከአሉሚኖ ሲሊኬቱ ጋር ይዋሐዳል፤ የመቅለጫውንም ነጥብ በብዙ ዝቅ ያደርጋል። ከካልሳይት አጠገብ ከሆነ ከሚለቀቀው ኖራ ጋር ተዋሕዶ አኖርታይትን ይፈጥራል፤ ይህ ማዕድን በቦይለር ግድግዳ ላይ በሚጋገረው አመድ ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። ለብቻው ከሆነ ግን ሳይቀልጥ ወይም በከፊል ብቻ ለስልሶ በጋዙ ተወስዶ ይወጣል። በሦስቱም ሁኔታ የተቃጠለው ካኦሊናይት አንድ ነው፤ የከሰሉ አማካይ የኦክሳይድ ስብጥርም ያው ሊሆን ይችላል። አማካይ ቁጥር ማን ከማን ጋር እንደ ተጎራበተ አያውቅም።

ሠንጠረዡ የሚያስትባቸው ሦስት ስፍራዎች

የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጠረው ገና ከሰሉ ሲመዘን ነው። አመድና ማዕድን አንድ ነገር አይደሉም፤ ሸክላው ሲቃጠል ውኃውን ያጣልና። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት ሳሙኤል ፓር ይህን ለማረም ያቀረቡት ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ የማዕድኑ መጠን የአመዱ 1.08 እጥፍ ሲደመር የሰልፈሩ 0.55 እጥፍ ነው። 1.08 የሚለው ቁጥር የሸክላውን ውኃ በአማካይ ለማካካስ የተቀመጠ ነው። ነገር ግን አመዱ ከንጹሕ ካኦሊናይት የተገኘ ቢሆን ትክክለኛው ቁጥር 1.16 ይሆናል፤ አመዱ ከንጹሕ ኳርትዝ ቢሆን ደግሞ 1.00 ብቻ ነው።

ልዩነቱ አመዱ ባነሰበት ከሰል ላይ ቸል ሊባል ይችላል። በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የሌታቦ ኃይል ማመንጫ የሚያነደው ከሰል ግን 42 በመቶ ያህል አመድ የሚይዝ ነው። ለአብነት ያህል 40 በመቶ አመድ ያለውና የአመዱ ግማሽ ከካኦሊናይት የሚመጣ ከሰል ቢታሰብ፣ በከሰሉ ውስጥ ከ23 በመቶ በላይ ካኦሊናይት አለ ማለት ነው። ከዚህም ከ3 በመቶ በላይ የሚሆነው የከሰሉ ክብደት የሸክላው ውኃ ነው። ይህ ውኃ በ105 ዲግሪ በሚደረገው የእርጥበት ልኬት አይወጣም፤ በ900 ዲግሪ በሚደረገው የተናኝ ነገሮች ልኬት ግን ይወጣል። ስለዚህ «ተናኝ ነገር» ተብሎ ከተመዘገበው ውስጥ 3 በመቶ የሚሆነው የማይነድ ይልቁንም ሙቀት የሚበላ ተን ነው። በተናኙ መጠን ብቻ የከሰሉን የመቀጣጠል ፍጥነት የሚገምት ተመራማሪ የሸክላውን ውኃ ከነዳጅ ጋር ይቆጥራል።

ሁለተኛው ስሕተት የአመድን መቅለጥና መጋገር የሚመለከት ነው። የቤዝና የአሲድ ኦክሳይዶች ንጽጽር በመባል የሚታወቀው መለኪያ የብረት፣ የካልሲየም፣ የማግኒዚየም፣ የፖታሲየምና የሶዲየም ኦክሳይዶችን ድምር ለሲሊካ፣ ለአሉሚናና ለታይታኒየም ኦክሳይዶች ድምር ያካፍላል። በዚህ ስሌት 2 በመቶ ፖታሲየም ከየትም ይምጣ ከየት ክብደቱ አንድ ነው። ፖታሲየሙ በኢላይት ውስጥ ሲሆን ግን ከሸክላው ጋር በቀጭን ንጣፍ ደረጃ የተዋሐደ ስለሆነ ለመቅለጥ ቅርብ ነው፤ በደረቅ የፌልድስፓር ቅንጣት ውስጥ ሲሆን መቅለጡ ይዘገያል። አሉሚናውም እንዲሁ ነው።

ሸክላ የቦይለር ጠላት ብቻ ሳይሆን ጠባቂ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃም አለ። ሜታካኦሊን በነበልባሉ ውስጥ በተን መልክ ያለውን ሶዲየምና ፖታሲየም ይዞ ከፍተኛ መቅለጫ ወዳላቸው አሉሚኖ ሲሊኬቶች ይለውጣል። በዴንማርክ የአቬዶሬ ኃይል ማመንጫ በእንጨት ዱቄት በሚሠራበት ጊዜ የድንጋይ ከሰል አመድ ወደ እቶኑ የሚጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከእንጨቱ የሚወጣው ፖታሲየም ቧንቧዎችን ከመብላቱ በፊት በአመዱ አሉሚኖ ሲሊኬት እንዲያዝ ይደረጋል። ለዚህ ተግባር የሚፈለገው የአሉሚና መቶኛ ብቻ አይደለም፤ ፖታሲየምን ለመቀበል ክፍት የሆነ አሉሚና ነው። በሙላይት ውስጥ የተዘጋ አሉሚና ከሜታካኦሊን ይልቅ እጅግ ዘገምተኛ ነው።

ሦስተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የከፋው ስሕተት በሲሚንቶ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1937 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሬይመንድ ዴቪስና ባልደረቦቻቸው ጥናት በራሪ አመድን ለኮንክሪት ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1953 በተጠናቀቀው የአሜሪካው ሀንግሪ ሆርስ ግድብ ላይ አመዱ በብዛት ከዋለ ወዲህ፣ የአመድን ብቃት የመመደቢያው ዋና መንገድ የኦክሳይድ ድምር ነበር። ኤኤስቲኤም ሲ 618 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ ለረጅም ዘመን የሲሊካ፣ የአሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ድምር 70 በመቶ የሞላውን አመድ በኤፍ መደብ፣ 50 በመቶ የሞላውን በሲ መደብ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መለያው ወደ ካልሲየም ኦክሳይድ መጠን ቢዛወርም ምደባው አሁንም በኦክሳይድ ላይ የቆመ ነው።

ከኖራ ጋር ተዋሕዶ ኮንክሪቱን የሚያጠነክረው ግን ብርጭቆው ነው። ሙላይትና ኳርትዝ በሲሚንቶው አልካላይን ውኃ ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። 30 በመቶ አሉሚና ያላቸው ሁለት አመዶች ቢታሰቡ፣ አንደኛው 20 በመቶ፣ ሁለተኛው 5 በመቶ ሙላይት ቢኖረው፣ ከሙላይት ክብደት 72 በመቶ ያህሉ አሉሚና በመሆኑ በመጀመሪያው አመድ ውስጥ ከአሉሚናው ግማሽ የሚጠጋው ከሥራ ውጪ ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን የታሰረው ስምንተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ሁለቱ መንትዮች ናቸው፤ በኮንክሪቱ ውስጥ ግን አይደሉም።

ለሠንጠረዡ የሚቀርበው መከላከያ

የኦክሳይድ ትንታኔ ደጋፊዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም። አንደኛ፣ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ልኬት ፈጣን፣ ርካሽና ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ የማይዋዥቅ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ኃይል ማመንጫ ለዓመታት ከአንድ የማዕድን ስፍራ ከሰል የሚቀበል ከሆነ፣ የኦክሳይድ መለኪያዎቹ ከልምድ ጋር ተዛምደው አጥጋቢ ትንበያ ይሰጣሉ። ሦስተኛ፣ ሸክላን በመጠን መለካት በራሱ አስቸጋሪ ነው፤ የሸክላ ቅንጣቶች ጥቃቅን፣ ሥርዓታቸው የተዛባና በዝግጅት ወቅት በአንድ አቅጣጫ የሚተኙ ስለሆኑ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ውጤታቸው ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ምክንያት እውነት ናቸው፤ የሚያስረዱት ግን ሠንጠረዡ ለዕለት ተዕለት ቁጥጥር እንደሚበቃ እንጂ ለምርምር እንደሚበቃ አይደለም። ልምድ የሚያገለግለው ከሰሉ እስካልተለወጠ ድረስ ነው። ከሰሉ ሲደባለቅ፣ ሲታጠብ ወይም ከሌላ ስፍራ ሲመጣ ልምዱ ያረጃል፤ ተመራማሪ የሚጠራውም በዚያን ጊዜ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ልኬቱን ለመተው ሳይሆን በሚገባ ለማሠልጠን የሚጋብዝ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 450 መለኪያ ከኦክሳይድ ድምር በተጨማሪ ቢያንስ 25 በመቶ ተዋሐጅ ሲሊካ እንዲኖር፣ አመድ የገባበት ናሙናም በ28 ቀን የንጹሑን ሲሚንቶ ጥንካሬ 75 በመቶ፣ በ90 ቀን 85 በመቶ እንዲደርስ መጠየቁ ከድምሩ ባሻገር መመልከት በተግባር እንደሚቻል ያሳያል።

ሠንጠረዡ በቂ የሚሆንበት ስፍራ መኖሩም መካድ የለበትም። በሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ውስጥ የከሰሉ አመድ 1450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ከጥሬ ዕቃው ጋር ተዋሕዶ ወደ ክሊንከር ይገባል። አመዱ የራሱ ህልውና ስለማይኖረው በዚያ የሚያስፈልገው በዋናነት ምን ያህል ሲሊካ፣ አሉሚናና ብረት እንደ ጨመረ ማወቅ ነው። ይህ ልዩ ሁኔታ ግን የጽሑፉን ሐሳብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም፤ የትኛው መለኪያ እንደሚበቃ የሚወስነው አመዱ የሚያልፍበት መንገድ ነውና።

ከኢትዮጵያ አንጻር

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው በአመዛኙ ከውኃ ነው፤ ስለዚህ የበራሪ አመድ ክምር የአገሪቱ ዋና ጭንቀት አይደለም። ጉዳዩ የሚነካት በሌላ በር ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች እቶናቸውን የሚያነዱት በድንጋይ ከሰል ነው፤ ከውጭ የሚገባውን በአገር ውስጥ ከሰል ለመተካትም ጥረት እየተደረገ ነው። የጭልጋ፣ የያዩና የደልቢ ሞዬ ከሰሎች በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል በተቀመጡ የሐይቅና የወንዝ ደለሎች ውስጥ ከሸክላ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቁ የሚገኙ ናቸው። የእሳተ ገሞራ አመድ በውኃ ውስጥ ሲበሰብስ እንደ አካባቢው ኬሚስትሪ ወደ ካኦሊናይት ወይም ወደ ስሜክታይት ይለወጣል። ስለዚህ የሸክላው ዓይነት ከስፍራ ስፍራ ብቻ ሳይሆን በአንድ ንብብር ውስጥ እንኳ ሊለያይ ይችላል።

እዚህ ላይ የከሰል ማጠብ ጥያቄ ይነሣል። ማጠብ የሚያስወግደው ከካርቦኑ ተለይቶ የወጣውን ማዕድን ነው፤ በከሰሉ ቅንጣት ውስጥ የተቀበረው ይቀራል። በመሆኑም ከታጠበ በኋላ የሚገኘው አመድ በመጠን ያነሰ ብቻ ሳይሆን በዓይነትም የተለየ ነው። በተጨማሪም ስሜክታይት በውኃ ውስጥ ያብጣል፤ ቅንጣቶቹም ተበታትነው ውኃውን ለማጥራት አዳጋች ያደርጉታል። የኦክሳይድ ሠንጠረዥ ስለዚህ ነገር አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የለም፤ የሸክላ ትንታኔ ግን ይሰጣል።

ሌላው ትስስር ከከሰልም የሰፋ ነው። ካኦሊናይት ያለበትን ሸክላ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ አቃጥሎ ሜታካኦሊን በማምረት፣ ከኖራ ድንጋይ ጋር አዋሕዶ የክሊንከርን ድርሻ ወደ ግማሽ ዝቅ የሚያደርግ የሲሚንቶ ዓይነት በሎዛን የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኩባና በሕንድ ተመራማሪዎች ትብብር ተሠርቷል። ለዚህ የሚፈለገው ሸክላ ንጹሕ መሆን የለበትም፤ 40 በመቶ ያህል ካኦሊናይት ካለው ይበቃል። በኃይል ማመንጫ ነበልባል ውስጥ በጥቂት ሰከንድ የሚታለፈው እርከን በዚህ ሥራ ሆን ተብሎ የሚያዝ እርከን ነው፤ ሙቀቱ ካለፈ ሜታካኦሊኑ ወደ ሰነፍ ሙላይት ይሄዳል። በከሰል አመድ ላይ ሸክላን መከታተል የተማረ ተመራቂ ዕውቀቱን ሳይለውጥ ወደዚህ ሥራ ሊሻገር ይችላል።

ከመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠበቀው

ከላይ ከተባለው ሦስት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ በከሰል ላይ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ከኦክሳይድ ሠንጠረዡ ጎን የጥሬውን ከሰል ማዕድናት ማሳየት ይኖርበታል። ከሰሉን በኦክስጅን ፕላዝማ ከ200 ዲግሪ በታች በማቃጠል ሸክላው ሳይፈርስ ይገኛል። የፕላዝማ መሣሪያ በሌለበትም ለብቻው የወጣውን ማዕድን በክብደት ለይቶ መመርመር ይቻላል። የሸክላ ዓይነቶችን ለመለየት የሚያስፈልገው ዘዴ አሮጌና ርካሽ ነው፦ በመስታወት ላይ የተዘረጋ ናሙና በኤትሊን ግላይኮል ሲታከም ስሜክታይት ወደ 17 አንግስትሮም ያብጣል፤ ኢላይት በ10 አንግስትሮም ይጸናል፤ ካኦሊናይት ደግሞ በ550 ዲግሪ ሲሞቅ የ7 አንግስትሮም ምልክቱን ያጣል።

ሁለተኛው፣ አመዱ ራሱ ሲጠና የክሪስታሉና የብርጭቆው ድርሻ ተለይቶ መመዝገብ አለበት። መጠኑ የታወቀ ክሪስታል ወደ ናሙናው ጨምሮ በሪትቬልድ ዘዴ ማስላት ይህን ያስችላል። የብርጭቆው ስብጥርም ከጠቅላላው ኦክሳይድ ላይ በሙላይት፣ በኳርትዝና በብረት ማዕድናት የታሰረውን በመቀነስ ይገኛል። በዚህ መንገድ ነባሩ ሠንጠረዥ አይጣልም፤ እንዲያውም ያለ እርሱ ስሌቱ አይሠራም።

ሦስተኛው፣ አመዱ ከየት እንደ ወጣ መገለጽ አለበት። በ815 ዲግሪ በቤተ ሙከራ የተቃጠለ አመድ፣ ከፍሉዳይዝድ ቤድ የወጣ አመድና ከዱቄት ከሰል ነበልባል የተያዘ አመድ በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ ግራፍ ላይ ሲቀመጡ፣ ንጽጽሩ የሚያሳየው የከሰሎቹን ልዩነት ሳይሆን የእሳቶቹን ልዩነት ነው።

እነዚህ ሦስት ነገሮች አዲስ ቤተ ሙከራ አይጠይቁም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ በጂኦሎጂ ወይም በማቴሪያል ሳይንስ ክፍል ይገኛል፤ ችግሩ የከሰሉ ናሙና ከኬሚካል ምሕንድስና ክፍል ወጥቶ ወደዚያ አለመሄዱ ነው። በአንድ ከሰል ላይ የሚሠራ ተማሪ ሁለት አማካሪዎች፣ አንድ ከማዕድን ጥናት፣ አንድ ከማቃጠል ጥናት ቢኖሩት፣ ከጽሑፉ መጨረሻ የሚቀመጠው ሠንጠረዥ ዛሬ የማይመልሰውን ጥያቄ ለመመለስ ይበቃል፤ ይኸውም ይህ አመድ ምን እንደ ያዘ ብቻ ሳይሆን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ነው።